አቴኖሎል 50 እና ኮንኮር 5፦ ቁጥሩ ያነሰው ኪኒን ደካማ ነው?

በስልኬ ከሚደርሱኝ የድምፅ መልእክቶች ውስጥ ስለ ደም ግፊት የሚጠይቁት እየበዙ ነው። ከእነሱም መካከል አንዱ ጥያቄ ቃሉ ብቻ እየተለዋወጠ ይመላለሳል። «አገር ቤት እያለሁ አቴኖሎል 50 ነበር የምወስደው። እዚህ አለቀብኝና ፋርማሲ ብሄድ ኮንኮር 5 ሰጡኝ። ከ50 ወደ 5! ይሄ ለእኔ ምን ይሠራልኛል ብዬ ሁለት ሁለት መዋጥ ጀመርኩ።» አንዳንዷ ሦስት ትላለች። ሌላዋ ደግሞ «ጠንካራውን ለራሳቸው ያስቀምጡና ለእኛ ለሐበሾች ደካማውን ይሰጡናል» ብላ ጭራሽ ትታዋለች።

ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የተረፈ ምግብ፣ ያረጀ ፍራሽ፣ ቀኑ ያለፈበት ሻምፖ ሲሰጣት የኖረች ሴት መድኃኒቱንም ብትጠረጥር አይፈረድባትም። በዚህ ጉዳይ ግን ፋርማሲስቱ አላሳነሰባትም። ኮንኮር የንግድ ስም ነው፤ ውስጡ ያለው መድኃኒት ቢሶፕሮሎል ይባላል። 50 ሚሊ ግራም አቴኖሎልና 5 ሚሊ ግራም ቢሶፕሮሎል ደግሞ በጉልበት ይቀራረባሉ። ሐኪሞች አንዱን በሌላው ሲተኩ ብዙ ጊዜ የሚነሱት ከዚሁ ልክ ነው። ሚሊ ግራም የሚነግረን የመድኃኒቱን ክብደት እንጂ ኃይሉን አይደለም። በርበሬና ሚጥሚጣን አስቡ። ለአንድ ድስት ወጥ በርበሬ በጭልፋ ይጨመራል፤ ሚጥሚጣን በጭልፋ የሚጨምር ሰው ግን አላየሁም። ኮንኮር ሚጥሚጣው ነው። እና «አነሰብኝ» ብላ ሁለት የምትውጠው እህት የታዘዘላትን እጥፍ እየወሰደች ነው።

ለማታውቁኝ፣ ቤይሩት ውስጥ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። አሁን በጎ ፈቃደኛ ሆኜ እህቶችን ሐኪም ቤት አጅቤ እሄዳለሁ፣ ዐረብኛውን አስተረጉማለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒት አላዝም። እዚህ የምጽፈው በሐኪሙና በእህቶቼ መካከል ቁጭ ብዬ ደጋግሜ ያስተረጎምኩትን ነው። የእናንተን መጠን የሚወስነው እናንተን የመረመረው ሰው ብቻ ነው።

«ኦሎል» የሚል ጭራ ያላቸው

ስሞቹን ልብ ብላችሁ ስሙ፦ አቴኖሎል፣ ቢሶፕሮሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ፕሮፕራኖሎል። ሁሉም «ኦሎል» ብለው ያልቃሉ። ካርቬዲሎልና ላቤታሎል አወጣጣቸው ትንሽ ይለያል እንጂ እነሱም ዘመድ ናቸው። ሐኪሞች ቤታ ብሎከር ይሏቸዋል። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ኩባንያው ያወጣለት ስም ነው፤ አቴኖሎል ቴኖርሚን ይባላል፣ ቢሶፕሮሎል ኮንኮር፣ ፕሮፕራኖሎል ኢንደራል። የመድኃኒቱ እውነተኛ ስም ከሥሩ በትንንሽ ፊደል ነው ያለው። እሱን ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ፊደሉ ከከበዳችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ለሚያነብላችሁ ሰው ላኩ።

ይህ ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ከአገር ቤት ይዛ የመጣችውን አቴኖሎል ጠዋት፣ እዚህ የታዘዘላትን ኮንኮር ማታ የምትወስድ እህት አጋጥማኛለች። «አንዱ የግፊት፣ አንዱ የልብ ነው የመሰለኝ» አለችኝ። ሁለቱም አንድ ሥራ የሚሠሩ ናቸው። ሐኪም ዐውቆ ካላዘዘ በስተቀር ሁለት «ኦሎል» አብረው አይወሰዱም።

ሥራቸው ምንድን ነው? ማዳም ከሌላ ክፍል ስሟን ጠርታ ስትጮህ ልቧ ድው ድው የማይል ማን አለ? ያ አድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ሲለቀቅ ነው። ልብ ላይ አድሬናሊን የሚገባባቸው በሮች አሉ እንበል። በገባ ቁጥር ልብ ይፈጥናል፣ በኃይል ይመታል፣ ግፊትም ይጨምራል። ቤታ ብሎከር በሩ ላይ የሚቆም ዘበኛ ነው፤ አድሬናሊኑን አያሳልፍም። ልብ ረጋ ይላል፣ ግፊት ይወርዳል።

ተመሳሳይ በሮች ሳንባችን ውስጥ ባሉ የአየር ቧንቧዎች ላይም አሉ። እዚያ ላይ ሲከፈቱ ነው ቧንቧው የሚሰፋውና ትንፋሽ የሚመጣው። ፕሮፕራኖሎል የልቡንም የሳንባውንም በር ይዘጋል። አቴኖሎልና ቢሶፕሮሎል በአብዛኛው የልቡን ብቻ ነው የሚይዙት፤ መጠናቸው ሲጨምር ግን ወደ ሳንባውም ይሻገራሉ። ሁለት ሦስት ኪኒን በራስ ውሳኔ መዋጥ አደገኛ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አስም ያለባት እህት ይህን ሳትናገር ማንኛውንም «ኦሎል» መቀበል የለባትም። ዐረብኛው አጭር ነው፦ «ዓንዲ ረቡ»፣ አስም አለብኝ።

(የመጀመሪያዎቹን ቤታ ብሎከሮች በ1960ዎቹ የሠራው ጄምስ ብላክ የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። የልብ ሕመምተኛን ልቡ ላይ ጉልበት በመጨመር ሳይሆን ልቡን በማሳረፍ ማከም ይቻላል ብሎ ነው የተነሣው። ዕረፍት መድኃኒት ነው ብንል ማዳሞቻችን ቢሰሙን ጥሩ ነበር።)

ታዲያ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

አቴኖሎል ከሰውነት የሚወጣው በአብዛኛው በኩላሊት በኩል ነው። ኩላሊት ከደከመ መድኃኒቱ ሳይወጣ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ሐኪሙ መጠኑን መቀነስ ይኖርበታል። ቢሶፕሮሎል ግማሹ በኩላሊት ግማሹ በጉበት ስለሚወጣ አንዱ ቢደክም ሌላው ያግዛል። ግፊት ሳይታከም ዓመታት ሲቆይ ኩላሊትን እንደሚጎዳ ካወቃችሁ፣ ይህ ልዩነት ለምን እንደሚያስጨንቃቸው ይገባችኋል። «ኩላሊትሽ ተመርምሮ ያውቃል?» ብለው ሲጠይቋችሁ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

የሚቆዩበት ጊዜም ይለያል። በደም ውስጥ ያለው አቴኖሎል በ6 ወይም በ7 ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ ቢሶፕሮሎል ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይፈጅበታል። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ በቀን አንዴ ይታዘዛሉ፣ ግን አቴኖሎል በአንዳንድ ሰው ላይ ቀኑን ሙሉ ስለማይደርስ ለሁለት ከፍለው የሚያዙ ሐኪሞች አሉ። በቀን አንዴ የሆነ መድኃኒት ለእኛ ይመቻል። ረመዳን ላይ ከኢፍጣር በኋላ፣ በእኛ ጾም ደግሞ በምትበሉበት ሰዓት ማድረግ ይቻላል። ሰዓቱን ከመቀየራችሁ በፊት ጠይቁ፣ ከቀየራችሁት በኋላ ደግሞ በየቀኑ እዚያው ሰዓት ላይ ጽኑ። አንድ ቀን ብትረሱ ባስታወሳችሁ ጊዜ ውሰዱ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን እለፉት፣ ሁለት አትደርቡ።

ትልቁ ልዩነት የልብ ድካም ያለባቸው ሰዎች ላይ ነው። ልብ ደም መግፋት ሲያቅተው፣ እግር ሲያብጥ፣ ተኝቶ መተንፈስ ሲከብድ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት ከ2,600 በላይ የልብ ድካም ሕመምተኞች ተካፍለው ነበር፤ ግማሾቹ ከሌላው መድኃኒታቸው በተጨማሪ ቢሶፕሮሎል፣ ግማሾቹ ደግሞ ውስጡ ምንም የሌለው ኪኒን ይወስዱ ነበር። ባዶውን ከወሰዱት ከ100 ሰው 17 ገደማ ሲሞት፣ ቢሶፕሮሎል ከወሰዱት 12 ገደማ ሞተዋል። ካርቬዲሎልና አንድ ዓይነት ሜቶፕሮሎልም እንዲህ ያለ ማስረጃ አላቸው። አቴኖሎል ግን የለውም። እና ልቧ የደከመ እህት ከአቴኖሎል ወደ ቢሶፕሮሎል ብትቀየር ዝቅ ተደርጋ ሳይሆን የሚሻላት ተመርጦላት ነው። ለልብ ድካም የሚጀመረውም ከ1.25 ሚሊ ግራም ነው፣ ቀስ እያለ በሳምንታት ውስጥ ይጨመራል። 1.25 የሚል ቁጥር ስታዩ አትናደዱ።

ለተራ ደም ግፊትስ? እዚህ ላይ አቴኖሎል ድሮ የነበረውን ክብር ያህል የለውም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ከ9,000 በላይ ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት፣ ልባቸው በግፊት የወፈረ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ላይ አቴኖሎልን ሎሳርታን ከሚባል መድኃኒት ጋር አወዳድሮ ነበር። ግፊታቸውን ሁለቱም እኩል ሊባል በሚችል ደረጃ አወረዱት፤ ስትሮክ ግን አቴኖሎል በወሰዱት ላይ በዛ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ግፊት ብቻ ላለበት ሰው መጀመሪያ እንዲሰጡ የሚመክራቸው ሌሎች መድኃኒቶች ናቸው፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት አምሎዲፒን አንዱ ነው። ቤታ ብሎከር የሚመጣው ከግፊቱ በተጨማሪ ሌላ ምክንያት ሲኖር ነው፤ የልብ ድካም፣ የልብ ምት መዛባት፣ የደረት ውጋት፣ ወይም ቀድሞ የደረሰ የልብ ሕመም።

ይህን አንብባችሁ ኪኒናችሁን ወደ ቆሻሻ እንዳትጥሉ። ከዚህ የሚወጣው አንድ ጥያቄ ነው፣ ለሐኪማችሁ የምታቀርቡት፦ «ይህንን የምወስደው ለምንድን ነው?» ብዙ እህቶች መልሱን አያውቁትም። «ለግፊት» ይላሉ፣ ካርዳቸው ሲታይ ግን ሌላ ነገር ይገኛል። በልጅነቷ ቶንሲል እየተመላለሰባት የልብ ቫልቭ ሕመም የያዛት ልጅ በአገራችን ብዙ ናት። የልቧ በር ጠቦ ደም በቀላሉ አያልፍም፤ ቤታ ብሎከሩ ልቧን ዝግ የሚያደርግላት ደሙ የሚያልፍበት ጊዜ እንዲኖር ነው። የእንቅርት ችግር ያለባት ደግሞ የልቧን መንቀጥቀጥ እንዲያበርድላት ኢንደራል ይሰጣታል። ለእነዚህ እህቶች «ግፊቴ ዛሬ ደህና ነው» ብሎ ኪኒን መተው ትርጉም የለውም፤ መጀመሪያውኑ ለግፊት አልነበረማ። የቫልቭ ሕመም ያለባት በተለይ በየወሩ የሚወጋው ፔኒሲሊን ካለባት እሱንም ለሐኪሙ መናገር አለባት።

መስኮት ላይ ያለች ሴት

አንዲት እህት፣ የቤቷንም የሰፈሯንም ስም አልጠቅስም፣ ኮንኮር 5 ታዝዞላት ሦስት ሦስት ትውጥ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል። መጀመሪያ ድካም ያዛት፤ ደረጃ ስትወጣ እግሯ እንደ እርሳስ ከበዳት። እጇ ይቀዘቅዛል። ማዳሟ «ሰነፍሽ» አለቻት። ከዚያ «አርግዘሻል» አለቻት። አንድ ጠዋት የአምስተኛ ፎቅ መስኮት ልታጸዳ ወንበር ላይ ስትወጣ ዓይኗ ጨለመባት። ደግነቱ ወደ ውስጥ ነው የወደቀችው።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ የልብ ምቷን ስትቆጥር በደቂቃ 44 ነበር። ሐኪሙ አልተቆጣትም፤ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ 50 እና 5 ብሎ ጻፈና መሐላቸው የእኩል ምልክት አደረገ። ያቺን ወረቀት አሁንም ቦርሳዋ ውስጥ ይዛታለች።

የልብ ምት መቁጠር ለማንም ከባድ አይደለም። ቁጭ ብላችሁ አምስት ደቂቃ ዕረፉ። በአውራ ጣታችሁ በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ ሁለት ጣት አሳርፉ፣ የስልካችሁን ሰዓት እያያችሁ 60 ሴኮንድ ሙሉ ቁጠሩ። ቤታ ብሎከር የምትወስድ ሴት ምቷ ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ከ50 ከወረደ ግን፣ ወይም ማዞርና ራስ መሳት ካለ፣ የሚቀጥለውን ኪኒን ከመውሰዳችሁ በፊት ሐኪም ወይም ፋርማሲስት አነጋግሩ። አዲስ የጀመራችሁ ወይም መጠን የተጨመረላችሁ ሰሞን መስኮት፣ መሰላልና በረንዳ ላይ አትውጡ። ይህን ለማዳም መንገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። «ሐኪሙ ለሁለት ሳምንት ከፍታ ላይ አትውጣ ብሏል» የሚል አጭር ወረቀት ጠይቁ። እኛ ስንናገር ሰበብ የሚመስለው ነገር በሐኪም ፊርማ ሲመጣ ሌላ ይሆናል።

ድንገት መተው

ከመብዛቱ የባሰ የምፈራው ማቋረጡን ነው። ዘበኛው በሩ ላይ ለወራት ሲቆም ልብ «አልሰማም» ብላ ተጨማሪ በሮችን ትከፍታለች። ዘበኛው አንድ ቀን በድንገት ቢጠፋ አድሬናሊኑ በእነዚያ ሁሉ በሮች አንዴ ይገባል። ልብ ይሮጣል፣ ግፊት ይሰቀላል፣ የልብ ሕመም ያለባት ሴት ላይ የደረት ውጋትና ከዚያም የከፋ ነገር ሊመጣ ይችላል። ይህ የአቴኖሎልም የቢሶፕሮሎልም ጠባይ ነው። ማቆም ካስፈለገ ሐኪሙ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ እየቀነሰ ያስቆማል።

እኛ መድኃኒት የምናቋርጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደን አይደለም። ያልቃል። ደመወዝ አልተከፈለም። ከቤት መውጣት ተከልክሏል። ወይም ሌሊት ነጠላ ጫማ ይዘን ከዚያ ቤት ወጥተናል፤ ኪኒኑ ትራስ ሥር ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሊባኖስ ውስጥ መድኃኒት ከመደርደሪያ ሲጠፋ ገንዘብ ያለውም ሰው ከፋርማሲ ፋርማሲ ይዞር ነበር።

ስለዚህ ለመጥፎ ቀን አሁኑኑ ተዘጋጁ። የኪኒኑን ካርቶንና የማዘዣውን ፎቶ አንሥታችሁ ለምታምኗት ጓደኛ ላኩ፤ ስልካችሁ ቢነጠቅ እሷ ጋ ይኖራል። አንድ ቅጠል ኪኒን ከፓስፖርት ኮፒያችሁ ጋር አብራችሁ አስቀምጡ። ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው መጠየቅ ጀምሩ፣ አንድ ቀን ሲቀረው አይደለም። የለመዳችሁት ጠፍቶ ሌላ «ኦሎል» ከተገኘ ፋርማሲስቱን የድሮውን ካርቶን አሳይታችሁ «በዚህ ፈንታ ስንት ልውሰድ?» በሉት፤ ያለኝን ቁጥር ያህል ይስጠኝ አትበሉ። ፖሊስ ጣቢያ ወይም ማቆያ የገባች እህት ካለች ደግሞ መጀመሪያ ከምትናገራቸው ነገሮች አንዱ የልብ መድኃኒት የምትወስድ መሆኗ ይሁን።

የጂዶ መሳቢያ

ኮንኮርን መጀመሪያ ያወቅሁት በማዳሜ አባት ነው። ጂዶ እንለው ነበር። በየጠዋቱ ከሰባት ዓይነት ኪኒን መካከል ልብ የምትመስለዋን ትንሿን ኮንኮር ለይቼ በውኃ የማቀርብለት እኔ ነበርኩ። ብዙዎቻችሁ አሁን ይህንኑ እየሠራችሁ ነው። የሽማግሌውን መድኃኒት በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፣ የራሳችሁን ግን የሚያውቅላችሁ የለም። ግፊታችሁ ሲነሣም መሳቢያው እዚያው ነው።

ከዚያ መሳቢያ አትውሰዱ። አንደኛ፣ የእሱ መጠን የ80 ዓመት ልብና ኩላሊት ታይቶ የተወሰነ ነው፤ ስኳር፣ ደም ማቅጠኛ፣ ሌላም ይኖርበታል። ሁለተኛውን እናንተም ታውቁታላችሁ፦ ኪኒን ጎደለ ከተባለ «ሰረቀች» ይባላል፣ በስርቆት የተከሰሰች ሴት ደግሞ ከመድኃኒቱ በላይ ብዙ ነገር ታጣለች። ማዳም ራሷ «ከአባቴ ውሰጂ» ብትልም «ለእኔ ሐኪም ይየኝ» ማለት መብታችሁ ነው።

በሌላ በኩል ሽማግሌዎቹ ቤት ብዙ ጊዜ የግፊት መለኪያ ማሽን አለ። እሱን ፈቃድ ጠይቃችሁ መጠቀም ጉዳት የለውም። ቁጭ ብላችሁ፣ ቡና ሳትጠጡ፣ ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፋችሁ ለኩ፣ ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ጻፉት። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ከአንድ ቀን ልኬት ይልቅ የሁለት ሳምንት ዝርዝር ይጠቅማችኋል።

ሳትጠየቁ የምትናገሩት

አስምን ብያለሁ። ስኳር ካለባችሁም ተናገሩ፤ ስኳር ሲወርድ የሚያስጠነቅቃችሁን የልብ ምት መፍጠን ቤታ ብሎከር ይደብቀዋል፣ ላቡ ግን ይቀራል። ስለዚህ ያለ ምክንያት ካላባችሁ ስኳራችሁን ለኩ። ለወገብና ለጉልበት ሕመም አይቡፕሮፌን ወይም ቮልታረን በየቀኑ የምትውጡ ከሆነ እሱንም ተናገሩ። ግፊት ያስነሣል፣ ኩላሊትም ይጎዳል፤ «ኪኒኑ አልሠራልኝም» ከሚሉት እህቶች ጥቂት የማይባሉት ችግራቸው እዚህ ላይ ነው የተገኘው። ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት ከአገር ቤት የሚላክላችሁ፣ ሽንኩርቱ ወጥ ውስጥ ይግባ፤ በኪኒኑ ቦታ ግን አይተካም። ጸበል የምትጠጡም ኪኒናችሁን ሳትተዉ ጠጡ።

እርግዝና ለብቻው ነው። አቴኖሎል በእርግዝና ጊዜ ሲወሰድ ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ ከመወለድ ጋር ስለሚያያዝ ሐኪሞች ይሸሹታል። ቢሶፕሮሎልንም በጥንቃቄ ነው የሚያዩት። ለነፍሰ ጡር ግፊት ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ሜቲልዶፓ፣ ላቤታሎል ወይም ኒፈዲፒን ነው። ኮንትራታችሁን ጨርሳችሁ ለመጋባት ወደ አገር ቤት የምትመለሱ ከሆነ ከማርገዛችሁ በፊት ይህንን አንሡ። አርግዛችሁ ካወቃችሁም ደንግጣችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ በቶሎ የሚቀይርላችሁን ሐኪም ፈልጉ።

«ታመምኩ ካልኩ ይመልሱኛል»

ግፊቷን የምትደብቅ ሴት ሁሉ ይህን ነው የምትለው፣ ፍርሃቷም ከመሬት የተነሣ አይደለም። የተመለሱ አሉ። ሕጉ ግን ከምታስቡት የተሻለበት አገር አለ። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 9 በሐኪም ማስረጃ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው 15 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀሪው ያለ ደመወዝ። በኳታር የ2017 ሕግ ቁጥር 15 አሠሪው የታመመች ሠራተኛን ሕክምናና መድኃኒት ወጪውን እሷ ላይ ሳይጥል እንዲያቀርብ ያዛል። ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ከሥራ ሕጉ ውጭ ናት፤ ያም ሆኖ መደበኛው የሥራ ውል አሠሪው ኢንሹራንስ እንዲገዛላት ያስገድዳል። ኢንሹራንሱ ብዙውን ጊዜ ሆስፒታል ለመተኛት ነው እንጂ የየወሩን ኪኒን አይሸፍንም። ለዚያ ሙስተውሰፍ የሚሏቸውን የሰፈር ጤና ጣቢያዎች ሞክሩ፤ ምርመራውም መድኃኒቱም ከግል ሐኪም በጣም ይረክሳል።

ማዳም ፊት ስታነሡት ከገንዘቧ ጀምሩ። ምን ልበላችሁ፣ ይሠራል። «በቀን አንዲት ኪኒን ከወሰድኩ እንደማንም እሠራለሁ፤ ካልወሰድኩ ሆስፒታል እገባለሁ፣ ወጪው ለእርስዎም ይከብዳል።» ሐኪም ቤት ስትገቡ ደግሞ ማዳም ከአጠገባችሁ ቆማ እሷ ብቻ እንዳትመልስላችሁ፣ ለብቻችሁ ለመነጋገር ወይም አስተርጓሚ በስልክ ለማስገባት ጠይቁ።

ከአገር ቤት የምትመጡ ወይም የምትመለሱ፣ መድኃኒቱን በራሱ ካርቶን ከማዘዣው ጋር ያዙ። ቤታ ብሎከር የሚያስጠይቅ መድኃኒት አይደለም፤ በፌስታል የተበተነ፣ ስም የሌለው ኪኒን ግን ኤርፖርት ላይ ያስጠረጥራል። የጎረቤት ሰው «ለእህቴ አድርሺልኝ» ብሎ የሚሰጣችሁን ኪኒን ምንነቱን ሳታውቁ አትቀበሉ። ትራማዶልን የመሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሳስራሉ።

ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ድንገት የትንፋሽ ማጠር፣ ራስ መሳት፣ የፊት መጣመም ወይም የአንድ ወገን እጅና እግር አልታዘዝ ማለት፣ ወይም ከነዚህ ጋር ግፊት 180/120 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የማዳምን ፈቃድ አትጠብቁ። አምቡላንስ ሊባኖስ 140፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬቶች 998፣ ኩዌት 112፣ ኳታርና ባሕሬን 999፣ ኦማን 9999፣ ዮርዳኖስ 911 ነው። ስልኩ ሲነሣ «ዓንዲ ዳግት፣ አኹድ ደዋ ቀልብ» በሉ፤ ግፊት አለብኝ፣ የልብ መድኃኒት እወስዳለሁ ማለት ነው። ካርቶኑን በእጃችሁ ይዛችሁ ጠብቋቸው።